እንግዳ ሳይመጣ

ባልየው የራይድ ሹፌር ነው። አንድ ማክሰኞ ከቦሌ ሁለት ፈረንጆች ጭኖ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ አወረዳቸው። ሴትዮዋ ሂሳብ ከፍላ ስትወርድ፣ «ሉሲን አንተ አይተሃታል?» አለችው። «ብዙ ጊዜ!» አላት ሳያስብ። ውሸቱን ነው። ተወልዶ ባደገባት አዲስ አበባ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲኖር ያንን በር አንድም ቀን አልፎ አያውቅም። ሰው አድርሷል፣ ሰው ጠብቋል፣ ሰው እስኪወጣ መኪና ውስጥ አንቀላፍቷል። ውስጥ ግን አልገባም።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ትስቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን «እኔም አላየኋትም» አለችው። እሷ ደሴ ተወልዳ ስድስት ኪሎ ጂኦግራፊ የተማረች፣ አሁን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ያዥ ናት። (ጂኦግራፊ ተምሮ ሂሳብ መያዝ በዚህ አገር ማንንም አያስደንቅም፤ እንለፈው።) ሦስት ዓመት ሙሉ በሙዚየሙ አጠገብ ተመላልሳለች። ያኔ ፎቶ ኮፒ የምታስደርግበት ብር እንጂ ሙዚየም የምትገባበት ሐሳብ አልነበራትም።

«ቅዳሜ እንሂድ» አለችው።

«እንግዳ ሳይመጣ?»

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ጥያቄ ይቺ ናት። እንጦጦን ለማየት ከአሜሪካ የመጣች አክስት ታስፈልጋለች። ሙዚየም ለመግባት ወይ ዩኒፎርም ለብሶ በሰልፍ የሚሄድ ተማሪ መሆን፣ ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ቦርሳ መያዝ ግድ ይላል። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ሲከፈት ከተማው ስለሱ ያወራውን ያህል ገብቶ ያየው ስንቱ ነው? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ተረቱ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ነው። ለብዙ ሰው ወርቁ በእጁ አልነበረም፤ በአጥር ውስጥ ነበር፤ ከአጥሩ ውጪ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ቅዳሜ ለራይድ ሹፌር የሥራ ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ መኪና ማቆም ማለት ከሳምንቱ ገቢ ላይ ዳጎስ ያለ ነገር ቆርጦ መጣል ነው።

ቢሆንም ወጡ። ሕግ ያወጣችው ሚስትየው ናት። መኪናው ይቆማል። ዘመድ አይደወልም፤ ዘመድ ከተደወለ ጉብኝቱ ወደ ምሳ ግብዣ ይለወጣል። መንገድ የሚያውቅ አይመስሉም፣ ይጠይቃሉ። ፎቶ ይነሳሉ። አምስተኛው ሕግ ግን ለባልየው ከበደው፦ የመጨረሻው ፌርማታ ፒያሳ ነው።

ባልየው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው ተወልዶ ያደገው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የእናቱም ቤት አብሮ ፈረሰ። የቀበሌ ቤት ነበር፤ ካሳው ምትክ ቤት ሆነና እናትየው ለከተማዋ ዳር፣ ለኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ወጣቶቹም ለኪራይ የሚከፍሉትን ትተው ከልጃቸው ጋር እዚያው ገቡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባልየው ሰው ወደ ፒያሳ ሲያደርስ በአንድ በኩል ገብቶ ሳይዞር ይወጣል። ስልኩ ላይ የፒያሳ ጥሪ ሲመጣ ሰርዞ የሚያልፍበትም ቀን አለ። ይህን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም፤ እሷ ግን የገቢውን ማስታወሻ የምትይዝ ሰው ናት።

ጠዋት ልጅቷን ለአያቷ ትተው ሲወጡ እናትየው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አቀበሏቸው። «ጊዮርጊስ ከደረሳችሁ ጠበል።» ሌላ አላሉም።

ሁለት ታክሲ፣ ሁለት ሰልፍ፣ ከዚያ አምስት ኪሎ። ትኬት ቆራጩ «ከየት ነው የመጣችሁት?» ሲላቸው ባልየው «ከዚሁ» አለ። አስጎብኚው አላመነም፤ «ዲያስፖራ ናችሁ አይደል?» አለ በትሕትና። ልጅ ያልያዙ፣ እንግዳ ያላስከተሉ ባልና ሚስት በቅዳሜ ጠዋት ሲገቡ ሌላ ማብራሪያ አልታየውም።

ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ከአንድ ሜትር ብዙም የማትዘል። ሚስትየው አጠገቧ ቆማ ከራሷ ልጅ ጋር ለካቻት፤ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትበልጣታለች። አስጎብኚው ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ ነገራቸው። ባልየው ትንሽ ቅር አለው። ዋናዋ ግን በ1999 አሜሪካ ሄዳ ዓመታት ቆይታ ተመልሳለች፤ በነሐሴ 2017 ደግሞ ፕራግ ወርዳለች። «ውጭ ወጥታለች በለኛ!» አለ ባልየው። «እኛ ፓስፖርት እንኳ አላወጣንም።» አስጎብኚው ሳቀ። ቀልዱን ከዚህ በፊት ሰምቶት እንደሆነ ያስታውቃል።

ፎቁ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ትልቅ የእንጨት ዙፋን፣ ከዚያ ሥዕሎቹን አዩ። እዚያ ብዙ አልቆዩም። ድካምም አለ፤ ሙዚየም እግር ያማል፤ ይህን የሚያውቀው የገባ ሰው ብቻ ነው።

ስድስት ኪሎ ግን ቆዩ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ቤት ነው። የጃንሆይና የእቴጌ መነን መኝታ ቤት ዛሬም ይጎበኛል፤ ሚስትየው አልጋውን አይታ «ትንሽ ነው» አለች፣ ከዚህ በላይ አስተያየት አልነበራትም። ደጅ ላይ ደግሞ አንድ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። የፋሺስት ጣሊያን ነው የሠራው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ጫፉ ላይ አሁን የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው። ሚስትየው በሥሩ ሦስት ዓመት አልፋለች፤ የተበላሸ ግንባታ ይመስላት ነበር።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ከበሩ ውጪ ያለው ሐውልት ከዚያ በኋላ ለታረደው ሕዝብ የቆመ ነው። ባልየው ያንን አደባባይ በቀን ስንቴ ይዞረዋል። ለሱ «ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ» ማለት ተሳፋሪ የሚወርድበት ቦታ ማለት ነበር። ያን ቀን በእግሩ ዞረው፤ የተቀረጹትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ሐውልት በመኪና መስኮት ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ በእግር ሲዞሩት ነው ፊት የሚያወጣው።

ሙዚየሙ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ገጠመው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን የደረደረው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞት። ባልየው እየተዘዋወረ ሳለ አንድ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ፊት ቆመ። ሚስቱ ሁለት ክፍል ቀድማ ሄዳ ስትመለስ እዚያው ነው።

«ይቺ የእማዬን ጋን አትመስልም?»

እናትየው ጋን ነበራቸው። ለጥምቀት፣ ለጊዮርጊስ፣ ለልጅ ክርስትና ጠላ የሚጠመቅባት። ቤቱ ሊፈርስ ዕቃ ሲጫን ጋኗ ወደ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። አሳንሰር የለም፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥስ ጠላ የት ይጠመቃል? «ተዋት» ያለው እሱ ነው። ጋኗ ግድግዳው ሥር ቀረች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች መገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ዛሬ በግልጽ ተውባለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሚስትየው ራሷ ማታ ከሥራ ስትመለስ የመንገዱ መብራትና ሰፊው የእግረኛ መንገድ ደስ እንደሚላት ትናገራለች፤ ሴት ልጅ በጨለማ ጠባብ መንገድ ማለፍ ምን እንደሆነ ባልየው አያውቀውም። እሱ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ገነት ነበር አይልም። ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፣ ክረምት ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በየሳምንቱ ይከራከሩበታል፣ ማንም አይረታም። ጥያቄው የፈረሰው ማማሩና አለማማሩ አይደለም። አንድ ጋን መስታወት ውስጥ ገብታ ትኬት ሲቆረጥላት፣ ሌላዋ ከፍርስራሽ ጋር ስትጫን፣ የትኛዋ ቅርስ እንደሆነች የሚወስነው ማን ነው? ጋኗን ይጠቀሙባት የነበሩ ሰዎችን የጠየቃቸው ይኖር ይሆን?

ወደ ፒያሳ በእግር ወረዱ። ጊዮርጊስ ሚስትየው ነጠላዋን አጣፍታ ተሳለመች፣ ጠርሙሱን ሞላች። ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራውን ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ባልየው ያውቀዋል፤ ክርስትና የተነሣውም እዚሁ ነው። ስለዚህ እዚህ ቱሪስት መሆን አልቻለም፤ አንዲት ጠና ያሉ ሴት «የነማን ልጅ ነህ?» ብለው ያዙትና የሕጉ ጨዋታ ለሩብ ሰዓት ፈረሰ። እሳቸውም ተነሥተዋል፤ ለቅዳሴ ከከተማ ዳር በሁለት ታክሲ ነው የሚመጡት። «ደብሩን አላነሡብን፣ ተመስገን» አሉት።

ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጣሊያን ነቅሎት የነበረ ሐውልት ነው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ፊት ለፊቱ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሰፊ ግቢ ተዘርግቷል። ጣይቱ ሆቴል ገብተው ሽሮ በሉ። በ2007 ከደረሰበት ቃጠሎ የተረፈ፣ እቴጌይቱ ያሠሩት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። ባልየው ልጅ ሳለ ግቢው ውስጥ ገብቶ ለፈረንጅ ማስቲካ ሸጧል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲበላ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ አስተናጋጁን ሁለቴ «ጋሼ» ብሎ ጠራው፣ ከሱ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ።

ከዚያ ሰፈሩን ፈለገ። ማፈር የሌለበት ነገር ቢሆንም አፈረ፤ የተወለደበትን ቦታ ማግኘት አቃተው። ስልኩን አወጣ፤ ካርታው መንገዱን እንጂ ቤቱን አያውቅም። ቀና ብሎ ጊዮርጊስን አየ፤ ልጅ ሳለ ደወሉ ከየት በኩል ይሰማ እንደነበር አሰበ። ጥቂት ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አሁንም ሄደ። የአበባ መደብ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የሚያብለጨልጭ የመብራት ምሰሶ።

ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት ሮጦ መጣ። «ፎቶ እናንሣችሁ? አሁኑኑ በቴሌግራም ይላካል!» ሚስትየው ሕጉን አስታወሰችው። ወጣቱ አንድ ሁለት ሦስት እርምጃ አስገፋቸው፤ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፤ ባክግራውንዱ ያምራል።»

ባልየው ቆሞ ዝቅ ብሎ መሬቱን አየ። «እዚህ ጋ ነው» አላት ሚስቱን በቀስታ።

«ምኑ?»

«በሩ። ወይም ለበሩ ቅርብ።»

ወጣቱ «ፈገግ በሉ» አለ። ፎቶው ላይ እሷ ፈገግ ብላለች፣ እሱ ወደ መሬት ያያል። ወጣቱ ድጋሚ ላንሣ ቢል ባልየው አልፈለገም፤ የተባለውን ከፍሎ ፎቶውን እዚያው ተቀበለ።

ቤት ሲደርሱ መሽቷል። እናትየው ጠበሉን ተቀብለው ተሳለሙት፣ ለልጅቷ ግንባሯን ቀቡ፣ ከዚያ ስልኩን ጠየቁ። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ብዙ አዩት፤ በጣታቸው አሰፉት፣ አጠበቡት።

«አበባ ተክለውበታል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ውኃ ያጠጡታል?»

«ያጠጡታል። ቦቴ ይመጣል።»

ልጅቷ ስለ ድንቅነሽ ጠየቀች። እናቷ በእጇ ቁመቷን አሳየቻት፤ ልጅቷ ከአጠገቡ ቆማ ተለካካችና ደስ አላት። ባልየው ስለ ጋኗ ምንም አላወራም። ቀን ያጣውን ገቢ ለመሸፈን ማታውኑ መኪናውን ሊያወጣ ቁልፉን አነሣ፤ እናትየው በሩ ላይ አስቆሙት።

«መግቢያው ስንት ነው?»

«የምኑ?»

«የዞራችሁበት ሁሉ። ሙዚየሙ።»

ነገራቸው። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ብሩን ቆጠሩና መልሰው ቋጠሩ።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ እኔንም ውሰዱኝ። የራሴን እኔው እከፍላለሁ። መውረዱን እወርዳለሁ፤ መውጣቱን እናንተ ታውቃላችሁ።»