«ሰው» ሲሉ የትኛውን ሰው ነው?

አራት ኪሎ ላይ አንድ መጽሐፍ አዟሪ መንገዴ ላይ ቆመ። መጻሕፍቱን ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሯቸዋል። «የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይዘሃል?» አልኩት።

«የትኛውን ጋሼ? ሀብታም የሚያደርገውን ነው ወይስ ትዳር የሚያስታርቀውን?»

ሳቅኩ እንጂ ልጁ አልተሳሳተም። ገበያው ላይ ሥነ ልቦና ማለት የስኬት ምክር ሆኗል። ከክምሩ ሥር ግን ስለ ሲግመንድ ፍሮይድ የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አየሁና ገዛሁት። ልጁ ብሩን እየቆጠረ «እሱ እንኳ ብዙም አይሄድም» አለኝ።

*

አማርኛ ሐሳብን ለአንጎል አልሰጠም። ምስጢር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው፤ ርኅራኄ አንጀት ውስጥ፣ ማስተዋል ልብ ውስጥ። የትምህርቱን ስም ያወጡት ሰዎችም «ሥነ ልቦና» ሲሉት ይህንኑ ተከተሉ። ብቻችንን አይደለንም፤ አሪስቶትልም አንጎልን ደም ማቀዝቀዣ አድርጎ ማስተዋልን ለልብ ሰጥቶ ነበር።

ችግሩ መጠይቅ ሲተረጎም ይመጣል። «ጭንቀት ይሰማዎታል?» የተባለ ሰው «ኧረ የለም! ሆዴን ብቻ ነው የሚያላውሰኝ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ወረቀቱ ግን ስህተት ይዞ ሄደ።

*

ሥነ ልቦና ልደቱን የሚያከብረው በ1879 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ቪልሄልም ቩንት ጀርመን ላይፕዚግ ውስጥ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ድምፅ ይሰማል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ በመካከል ያለፈችው ቅጽበት በሰዓት ትለካለች። እስከዚያ ድረስ ነፍስ የፈላስፎችና የካህናት ጉዳይ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓት ተያዘባት።

ለካኪውና ተለካኪው ግን በአብዛኛው እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ቁልፍ የተጫነው ተማሪ ነገ ሰዓት ያነባል፤ ፕሮፌሰሩ ራሱም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። «የሰው አእምሮ» ተብሎ የተጻፈው የጥቂት የተማሩ ጀርመናውያንና የውጭ ተማሪዎቻቸው አእምሮ ነው።

*

ሄርማን ኤቢንግሃውስ ደግሞ ሰው መፈለጉንም ተወው። ራሱ አጥኚ፣ ራሱ ተጠኚ ሆነ። ትርጉም የሌላቸው ወደ 2,300 የሚጠጉ አጫጭር ድምፆች ፈጥሮ በቃሉ ያጠናል፣ ይረሳል፣ እንደገና ያጠናል። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። መርሳት በመጀመሪያው ሰዓት ይሮጣል፣ ከዚያ በኋላ እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፤ በአንድ ጊዜ ከመፍጨት ይልቅ በቀናት ከፋፍሎ መድገም ይሻላል።

ሁለቱም ግኝቶች ዛሬም ቆመዋል። የቃል ትምህርቱን ሌሊት ሌሊት እየደጋገመ ዳዊት ያጠና የቆሎ ተማሪ ሁለተኛውን በራሱ ደርሶበታል። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪው ትርጉምና ዜማ ያግዙታል፤ ኤቢንግሃውስ ሁለቱንም ሆን ብሎ ከደጅ አስቀርቷቸዋል።

ስለዚህ ጥቂት ሰው ማጥናት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ «ያጠናሁት እነ እገሌን ነው» ብሎ አለመናገር ነው። ኤቢንግሃውስ ተናግሯል።

*

ሃንስ ፈረስ ነበር። ጌታው ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። በርሊን ውስጥ በአንድ ግቢ ሕዝብ ሰብስቦ «አምስትና ሦስት?» ሲለው ሃንስ በኮቴው ስምንት ጊዜ መሬቱን ይመታና ያቆማል። ገንዘብ አይጠየቅበትም። በ1904 ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ አባላቱ ማታለል አላገኘንም ብለው ሄዱ።

ኦስካር ፉንግስት የሚባል ወጣት ግን ወደ ፈረሱ ደጋግሞ ተመለሰ። ጥያቄውን መልሱን የማያውቅ ሰው እንዲጠይቅ አደረገ፤ ሃንስ ተሳሳተ። ጠያቂውን እንዳያይ ዓይኑን ጋረደበት፤ ሃንስ አሁንም ተሳሳተ። ያኔ ፉንግስት ዓይኑን ከፈረሱ አንሥቶ ሰዎቹን ማየት ጀመረ። ጠያቂው ጥያቄውን ሲጨርስ ኮቴውን ለማየት ትንሽ ጎንበስ ይላል። ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ራሱን ቅንጣት ያህል ቀና ያደርጋል። ፈረሱ የሚያነበው ያቺን ነው። ሒሳብ አይችልም፤ ሰው ግን ያነባል።

ፉንግስት በዚህ አላበቃም። ራሱ ፈረስ ሆነና በእጁ ጠረጴዛ እየደበደበ ሰዎች በልባቸው የያዙትን ቁጥር ገመተ። ከ25 ሰዎች 23ቱ ሳያውቁ ምልክት ሰጡት።

ከሥነ ልቦና ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ አንብብ ብባል ይህን አነባለሁ። ኮሚሽኑ ያየው ፈረሱን ነው፤ ፉንግስት ያየው ጠያቂውን ነው።

*

መጽሐፍ አዟሪው እውነቱን ነው፤ ፍሮይድ ድሮም አይሄድም ነበር። ስለ ሕልም ፍቺ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ በ1899 መጨረሻ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ግን 1900 ተብሎ ታተመ። የመጀመሪያዎቹን 600 ቅጂዎች ሸጦ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ።

ታካሚውን ድንክ አልጋ ላይ አስተኝቶ እሱ ከራስጌው በኩል ይቀመጥ ነበር። ለዚህ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ስለማይችለው ነው። ገረመኝ። የሌላውን ጓዳ የሚበረብር ሰው ራሱ መታየት ከበደው። ወንበሩን በማዞር ከዓይን አመለጠ፤ በመጻሕፍቱ ግን አላመለጠም። ከፈታቸው ሕልሞች ብዙዎቹ የራሱ ሕልሞች ናቸውና።

*

ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 ኖቤል የተሸለመው ስሙን ለዓለም ባስተዋወቀው የውሾች ልምምድ አይደለም፤ በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው። ውሾቹ ገና ምግቡን ሳይቀምሱ ምራቃቸው መምጣቱ መጀመሪያ የሥራ እንቅፋት ነበር። ብልኅ ሰው እንቅፋቱን ሥራው አደረገው።

ያልተነገረለት የውኃው ነገር ነው። በ1924 ሌኒንግራድን ጎርፍ መታት። ውሾቹ የታሰሩበት ቤት ተጥለቀለቀ፤ አፍንጫቸውን ወደ ጣሪያው አስግገው ሲዋኙ ደረሱላቸው። በሩ ውኃ ውስጥ ስለነበር እያጠለቁ ነው ያወጧቸው። ተረፉ። ከጊዜ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ወራት የፈጀውን ልምምድ ረስተው ተገኙ። ከዚያ በአንዱ ውሻ በር ሥር ጥቂት ውኃ ቢያፈሱበት ድንጋጤው ተመልሶ መጣ። ፓቭሎቭ ውሻ በምን እንደሚማር ሲያጠና ኖሮ፣ አንድ ድንጋጤ የተማረውን ሁሉ ሊያጥበው እንደሚችል ከጎርፍ ተማረ።

*

ጆን ዋትሰን «አልበርት» የሚል ስም በተሰጠው ሕፃን ላይ በ1920 ያሳተመውን ሙከራ አደረገ። ሕፃኑ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ነጭ አይጥ ያቀርቡለታል፤ ሊነካት እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ሕፃኑ አይጧን ገና ሲያያት ማልቀስ ጀመረ። ፍርሃቱን ሳይነቅሉለት ከነበረበት ሆስፒታል ወጣ።

በዚያው ዓመት ዋትሰን ከሴት ተማሪው ጋር በመሠረተው የፍቅር ግንኙነት ከዩኒቨርሲቲ ተባረረ። ከዚያ የት ሄደ? ማስታወቂያ ድርጅት ገብቶ ከፍተኛ ኃላፊ ሆነ። ማስፈራትን ከተማረ ማጓጓትን አያጣም።

*

ስታንሊ ሚልግራም በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን ሙከራ የማያውቅ የለም። ሙከራውን የሚመራው ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው «ይቀጥሉ» ሲል ከ40 ወንዶች 26ቱ በሌላ ሰው ላይ የሚለቁትን የኤሌክትሪክ ንዝረት እስከ 450 ቮልት አደረሱት። ንዝረቱ ሐሰት መሆኑን አላወቁም። ይህን የሚጠቅስ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ «ሰው ማለት ይኸው ነው» ይላል።

በዚያው ጥናት በሌላ ዙር የተገኘውን ቁጥር ግን ብዙም የሚጠቅሰው የለም። አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች «እኛ አንቀጥልም» ብለው ሲነሱ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40 ሰዎች አራት ብቻ ነበሩ። ከ26 ወደ አራት! ያው ማሽን፣ ያው ካፖርት። የተጨመረው እምቢ የሚል ባልንጀራ ብቻ ነው። የትኛውን ቁጥር ይዘን እንደምንዞር ስለ እኛም ይናገራል።

*

በዐቢይ ጾም አንድ ሥልጠና ላይ ተገኘሁ። አሠልጣኙ የአብርሃም ማስሎውን ባለ አምስት እርከን ፒራሚድ ግድግዳው ላይ አበራ። ምግብ ከሥር፣ ራስን እውን ማድረግ ከጫፍ። «ሆዱ ያልሞላ ሰው ወደ ላይኛው እርከን አይወጣም» አለ። ወዲያው ለሻይ ዕረፍት ወጣን። ግማሹ ተሳታፊ ሳምቡሳውን በዓይኑ እንኳ ሳያይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይ በረንዳው ላይ ቆሞ ያወራል። ከሥር ያለውን እርከን የተዉት ላይኛውን ብለው ነው።

ማስሎውን ግን አልወቅሰውም። በ1943 ጽሑፉ ላይ ፒራሚድ የሚባል ሥዕል የለም፤ ሌሎች ናቸው የሣሉለት። ቅደም ተከተሉ ለሁሉም ሰው አንድ እንዳልሆነም እዚያው ጽፏል። ሥዕሉ ተጓዘ፣ ማስጠንቀቂያው ቀረ።

*

ዋልተር ሚሼል ለሕፃናት ማርሽማሎ የሚባል አንድ ጣፋጭ ሰጥቶ «ሳትበላ ከጠበቅኸኝ ሁለተኛ እጨምርልሃለሁ» ይል ነበር። የጠበቁት ኋላ በትምህርት በለጡ ተባለ፤ ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸውን በጣፋጭ መፈተን ጀመሩ። ሕፃናቱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋያ ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የመምህራን ልጆች። በ2018 ከ900 በላይ ልጆች የታዩበት ጥናት ወጣ። የቤተሰቡ ኑሮና ትምህርት ሲታሰብ ልዩነቱ እየሟሸሸ ሄደ። ቃል የሚጠበቅበት ቤት ያደገ ልጅ ይጠብቃል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሰለቸው ልጅ ደግሞ የያዘውን ይበላል። እሱም አእምሮውን ተጠቅሟል።

*

ሜሪ ኤንስዎርዝ የእናትና የሕፃን ትስስር ጥናቷን የጀመረችው አሜሪካ አይደለም። በ1954 እና 1955 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች፣ 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው እየሄደች አየች። መጽሐፉ በ1967 ወጣ። የመማሪያ መጻሕፍት ግን በብዛት የሚያስታውሱት ኋላ ባልቲሞር ክፍል ውስጥ ያደረገችውን ሙከራ ነው። የኛው የምሥራቅ አፍሪካ እናቶች የጥናቱ መነሻ ሆነው ሳለ የግርጌ ማስታወሻ ሆኑ።

የቀረውን ሥዕል ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ ማየት ይቻላል። በታወቁ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶዎቹ የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶው ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። በ2015 ደግሞ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 ጥናቶችን እንደገና ሠሯቸው፤ እንደ መጀመሪያው ጉልህ ውጤት የሰጡት 36 በመቶ ያህሉ ናቸው። ይህን ያጋለጡት የሥነ ልቦና ጠላቶች አይደሉም፤ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ሌላውን መመርመር የሚያውቅ ራሱን ሲመረምር ማየት ደስ ይላል።

*

እንግዲህ አንባቢዬ፣ «ሥነ ልቦና እንደሚለው ሰው ማለት…» ብሎ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥምዎ ንግግሩን አያቋርጡት። ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ማንን አይቶ?»