«የቀረው» ምንድን ነው? ተቃራኒ ፍቺ ስለሚሸከሙ ቃላት

በእንግሊዝኛ ሁለት ተቃራኒ ፍቺ የሚሸከሙ ቃላት ጥቂት አይደሉም። «ሳንክሽን» ማጽደቅም ነው፣ መቅጣትም ነው። የመንግሥታት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በወራሪዋ ኢጣልያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር በመቅረቱ፣ ቃሉ በዚያ ዓመት ሁለቱንም ፍቺውን አገልግሏል ቢባል ሐሰት አይሆንም። «ክሊቭ» መሰንጠቅም መጣበቅም ማለት ነው፤ ይህኛው ግን ብዙ አያስደንቅም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሦች ነበሩና ድምፃቸው ሲቀራረብ አንድ መሰሉ።

ለአገራችን አጥኚ ይበልጥ የሚያሳስበው «ሌፍት» ነው። ሄደ ለማለትም፣ ሳይሄድ ቀረ ለማለትም ይነገራል። እንግሊዝኛው ሁለቱን አብዛኛውን ጊዜ በረዳት ግሥ ይለያቸዋል፤ የእኛ «ቀረ» ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። መምህር በስም መቆጣጠሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ የሚያሰፍረው በክፍል ያልተገኘውን ተማሪ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ በመዝገቡ «ቀሪ» የሚለው በእጅ ያለውን ገንዘብ ነው። በምዕራብ ሸዋ መረጃ የሚሰበስብ ተማሪ «ሸነን ቀረ» ብሎ ለአማካሪው ቢጽፍ፣ ሸነን ከናሙናው ወጣ ማለቱ ነው ወይስ የሌላው ቦታ ሥራ አልቆ ሸነን ብቻ ይጠብቃል? አማካሪው ስልክ ካልደወለ አያውቅም።

እንደ «ክሊቭ» ሳይሆን፣ እዚህ ላይ የተደባለቁ ሁለት ቃላት የሉም። ግሡ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የተመልካቹ መቆሚያ ነው። ከለቅሶ የቀረ ሰው ለለቀስተኞቹ የለም፣ ለቤቱ ግን አለ።

ነገሩ የሚከብደው ስለ ባህል በሚጠየቅበት ጊዜ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሥርዓቱን የሚያጠና ሰው «ከጥንቱ የቀረው ምንድን ነው?» ብሎ አንድ የሸነን አዛውንትን ቢጠይቅ፣ አንዱ ሰሚ ዛሬም የሚፈጸመውን ይዘረዝራል፣ ሌላው የተተወውን። መጠይቁ ወደ አፋን ኦሮሞ ቢመለስም አሻሚነቱ አይጠራም፤ «ካን ሃፌ» የሚለውም እንደ አማርኛው የተረፈውንም የተቋረጠውንም ይይዛልና። ችግሩ ተሰውሮ የሚያልፈው መልሱ በእንግሊዝኛ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲጻፍ ነው። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ከመረጠ በኋላ ግን መምረጡ እንኳ በወረቀቱ ላይ አይታይም። በሕይወት ያለ ልማድ ጠፋ ተብሎ፣ የጠፋውም አለ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ፈታኞችም እንግሊዝኛውን እንጂ የድምፅ ቅጂውን አያዩም።

«ዛሬም የሚደረገው የትኛው ነው? የተተወውስ?» ብሎ ለያይቶ መጠየቅ ሁለት መስመር ብቻ ይጨምራል። ቀድሞ ለተቀዱት ቃለ መጠይቆች ደግሞ የተናጋሪው ቃል እንዳለ ከትርጉሙ ጎን ቢሰፍር፣ ኋላ የሚመጣ አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።