ጨርቁን ይዘሽ ነይ

አራስ ልጅ ያቀረሻል፤ የሚያቀረሸው ግን ወተት ነው። የእኔ ልጅ በተወለደ ማግስት ጨርቁ ላይ ያስመለሰው ጥቁር አረንጓዴ ነበር። የወለድኩበት ጤና ጣቢያ ስንመለስ «አየር ውጦ ነው» ብለው ሸኙን። እናቴ ግን አላመነችም። «ጨርቁን ይዘሽ ነይ» ብላ ሌላ ሆስፒታል ወሰደችን።

ሐኪሟ ጨርቁን ዘርግታ አየችና «ካካ ብሏል?» አለችኝ። አላለም። ወዲያው ጡት ከለከለችው፣ በአፍንጫው ቱቦ አስገብታ ጨጓራው ውስጥ የተጠራቀመውን ሐሞት አወጣች፣ ግሉኮስ ሰቀለችለት። ራጁ ላይ አየሩ ሆዱ ላይኛው ክፍል ብቻ ቀርቷል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። ቀጭኑ አንጀቱ ተቆርጦ ነው የተወለደው።

ልጄ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ ሳለ ሊጠይቁኝ የመጡ ሁሉ «ምን በልተሽ ነበር?» ይሉኛል። ምች ነው ያሉም፣ ዐይን ነው ያሉም ነበሩ። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ እኔም ያንኑ ጠየቅሁት። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። በ1955 እ.ኤ.አ. ኬፕ ታውን ውስጥ ቀዶ ሐኪሞቹ ሎው እና ክርስቲያን ባርናርድ፣ ኋላ በ1967 የሰው ልብ የተከለው ባርናርድ፣ ገና ያልተወለዱ ቡችሎችን የአንጀት ደም ሥር አሰሩ። ቡችሎቹ ሲወለዱ አንጀታቸው ልክ እንደ ልጄ ተቆርጦ ተገኘ። የልጄም አንጀት ማህፀን ውስጥ ደም ተቋርጦበት ነው እንጂ እኔ በበላሁት አይደለም። ስለእነዚያ ቡችሎች ዛሬም አስባለሁ፤ ከደረቴ ላይ ድንጋይ ያነሱልኝ እነሱ ናቸው።

ያበጠው ጫፍ ተቆርጦ ከቀጭኑ ጋር ተሰፋ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። በቱቦው የሚወጣው አረንጓዴ እየቀነሰ ሄደ፤ አንድ ሌሊት ዳይፐሩ ቆሽሾ ሳገኘው ክፍሉ ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ እልል አሉ። ያለብኩትን ወተት በሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ጀመረ።

አጠገቤ የነበረችው እናት ልጅም አረንጓዴ አስመልሶ ነበር። ከገጠር በሪፈር እስኪደርሱ አንጀቱ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ጠቁሯል፤ አልተረፈም። ሊያጽናኗት የመጡትም «ምን በልተሽ ነበር?» አሏት። እሷ መናገር አልቻለችም። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት አንጀቱ ዞሮ ቦታውን መያዝ እንደነበረበት፣ ሳይዞር እንደቀረ፣ እሷም ምንም እንዳላደረገች የነገርኳቸው እኔ ነኝ።