የሪሌ ጠቅታ

ታይገር ታንክ መድፉን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲቆም ርዝመቱ 8 ሜትር ከ45 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔው ለ16 ተካፍሎ 53 ሴንቲ ሜትር ግድም ሆኖ፣ ምድር ቤት ባለው ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱን ከፍቶ ተጋድሟል። በሪሞት ይሄዳል፣ ይዞራል። እኔን ያስመሸኝ ግን የቀረው ነው፦ የፊት መብራቱ፣ ጭሱ፣ ከፍ ዝቅ የሚለው አፈሙዝ። የአብዛኞቹ በር ከፋች ከክብሪት ሣጥን የምታንስ ሰማያዊ ዕቃ ናት፤ ሪሌ።

*

የሪሌን ሆድ ከፍቶ ያየ ሰው የነገሩ ቅለት ይደንቀዋል። በብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ፀጉር የሚያህል ሽቦ፣ ከበላዩ ስፕሪንግ የያዘው ብረት፣ ከብረቱ ጋር የሚነሣና የሚወድቅ አንድ ምላስ። በሽቦው ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዘንጉ ማግኔት ይሆንና ብረቱን ይስበዋል፤ ምላሱ ከአንደኛው ጫፍ ተነሥቶ ሌላኛው ላይ ያርፋል። ጠቅ። ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል። ጠቅ። የባለ 5 ቮልቷ ጥቅል 70 ኦም ገደማ ስለሆነ 70 ሚሊ አምፔር ይበቃታል፤ በምላሷ የምታሳልፈው ግን ብዙ አምፔር ነው። አዛዡና ታዛዡ በሽቦ አይነካኩም። በመካከላቸው አየርና ፕላስቲክ ብቻ አለ። እኔ ሪሌን የምወዳት ለዚህ ክፍተት ነው።

*

እንግሊዝኛ ዱላ ቅብብልንና ይህቺን ዕቃ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ቃሉ ድሮ መንገድ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ተቀያሪ ፈረስ ማለት ነበር። ለእኔ ከዱላው ፈረሱ ይቀርበኛል። በዱላ ቅብብል ያው አንድ ዱላ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው። በፈረሱ ግን የደከመው እዚያው ይቀራል፣ ያረፈው መልእክቱን ተቀብሎ ይጋልባል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1835 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ረጅም ሽቦ አቋርጦ የደከመ ኤሌክትሪክ፣ በሌላ ባትሪ የሚሠራውን ጉልበተኛ እንዲያዝ አደረገው። በ1883 የቆመለት ሐውልት ዋሺንግተን፣ ከስሚዝሶኒያን ቀይ ሕንፃ ፊት ለፊት ይገኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ወርጄ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ታንኬ ውስጥ ጠቅ የሚለው የእርሱ ሐሳብ ነው።

*

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሪሞቱን ትእዛዝ ከሚቀበለው ሪሲቨር የሚወጣውን የምልክት ሽቦ በቀጥታ ከሪሌ ጋር ያገናኛል። ሪሌዋ ዝም ትላለች። ሪሲቨሩ የሚልከው «ብራ» ወይም «ጥፋ» አይደለም፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል አጭር ምት ይልካል። የሪሞቱ ዘንግ በአንደኛው ዳር ሲሆን ምቱ አንድ ሚሊ ሴኮንድ፣ መሐል ሲሆን አንድ ተኩል፣ በሌላኛው ዳር ሲሆን ሁለት ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል። ትእዛዙ ያለው በቆይታው ርዝመት ነው። ከ20 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ሁለቱን ብቻ የሚበራ፣ እሱም በጣም ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ የብረት ምላስ አያነሣም። ስለዚህ በመካከል ምቱን የሚለካ ትንሽ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ቆይታው ከተወሰነለት ሲያልፍ በላዩ ያለውን ትራንዚስተር ይከፍታል፣ ትራንዚስተሩ ሪሌዋን ያነሣል።

*

አንድ ጋሼ የምለው ሰው አለ፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖሮ እዚህ አሜሪካ የመጣ። ታንኩን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ሆዱን መረመረና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የክላክስ ሪሌ ነው!» አለኝ። የመኪና ሪሌ እግሮች ቁጥር አላቸው፦ 85 እና 86 ጥቅሉ፣ 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 87 ወደ ዕቃው የሚሄደው። ጋሼ ቁጥሮቹን እንደ ልጆቹ ስም ይጠራቸዋል። «እሺ ጋሼ፣ የመኪናውን ለምን አላስገባበትም?» አልኩት። ሳያመነታ መለሰ፦ «ባለ 12 ቮልት ነዋ። ያንተ ባትሪ 7 ቮልት ነው፤ መቼ ያነሣታል?» ስለ ሞዴል ታንክ ሰምቶ አያውቅም። ስለ ሪሌ ግን ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

*

ለመብራት ሪሌ አያስፈልግም። ሁለት ኤልኢዲ 40 ሚሊ አምፔር ቢወስዱ ነው፤ ሪሌዋ ራሷ ከዚያ በላይ ትበላለች። እዚያ ላይ ትራንዚስተር ይበቃል።

*

ጥቅሉ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ዝም ብሎ አይለቅም። የያዘው የማግኔት ጉልበት በቅጽበት ወደ ኋላ ይመታል፤ 5 ቮልት የነበረው በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ቮልት ሆኖ ትራንዚስተሩን ይበሳዋል። መድኀኒቱ ከጥቅሉ ጎን የሚበየድ አንድ ዳዮድ ነው፤ 1ኤን4007 ይበቃል። የቀለበት ምልክቱ ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል፤ ቢገለበጥ ኤሌክትሪኩን በአቋራጭ ያሳልፋል። እኔ የገዛሁት አንድ ሰሌዳ ይህ ዳዮድ አልነበረውም። ለሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ሪሌዋ እንደተነሣች ቀረች፤ ትራንዚስተሩ ተበስቶ ነበር። የአንዲት ዳዮድ ዋጋ ለማትረፍ ተብሎ የሰው ድካም መና ሲቀር ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ የማንንም ሰሌዳ ገልብጬ ሳላይ አልገጥምም።

*

ሁለት ሪሌ፣ አንድ ሞተር። በዚህ ሥራ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የሚያምረኝ ይህ ነው።

የሞተሩን አንዱን ሽቦ ከመጀመሪያዋ ሪሌ ምላስ፣ ሌላውን ከሁለተኛዋ ምላስ ጋር እበይዳለሁ። የሁለቱንም የዕረፍት ጫፍ ከኔጌቲቭ፣ የሥራ ጫፋቸውን ከፖዘቲቭ ጋር አገናኛለሁ። አንደኛዋ ብቻ ጠቅ ስትል አፈሙዙ ይነሣል፤ ሌላኛዋ ብቻ ጠቅ ስትል ይወርዳል። ሁለቱም ሲያርፉ የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ኔጌቲቩ ላይ ይገናኛሉ፤ ሞተሩ በመሽከርከሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ራሱን ስለሚይዘው አፈሙዙ ሳይንሸራተት ቀጥ ይላል። ፍሬን ሳንገዛ ፍሬን አገኘን ማለት ነው።

በስሕተት ሁለቱም አብረው ቢነሡስ? ሁለቱም ሽቦዎች ፖዘቲቭ ላይ ይሆናሉ፤ ሞተሩ ይቆማል፣ ባትሪው አይነካም። አንድ ምላስ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊያርፍ ስለማይችል፣ በየትኛውም ትእዛዝ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቀጥታ የሚጋጩበት መንገድ የለም። ይህን በወረቀት ስዬ አራቱንም ሁኔታ በጣቴ ስከተል መሽቶ ነበር። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለጋሼ ደወልኩለት።

*

ሪሌ ላይ «10 አምፔር» ተብሎ የተጻፈው እንደ ምድጃ ላለ ረጋ ያለ ጭነት ነው። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ሲዞር ከሚስበው እጥፍ ድርብ ይበልጣል፤ ምላሱም ሲያርፍ ለቅጽበት ይነጥራል፣ በዚያች ቅጽበት ብልጭታው ብረቱን ያቀልጣል። መድፉን የተሸከመው አናት እንዲህ ሆኖ አንድ ማታ መዞሩን አላቆም አለ። ሪሞቱን ለቀቅኩት፤ ይዞራል። አጠፋሁት፤ ይዞራል። ምላሱ ተበይዶ ቀርቷል። ወደ አናቱ የሚወጣው ገመድ ተጠምዝዞ ሞተሩን ሲያንቀው፣ የገላገለኝ ባትሪው አጠገብ ያስቀመጥኩት ፊውዝ ነው። አሁን ሪሌ ከመምረጤ በፊት የሞተሩን ዘንግ በፒንሳ ይዤ፣ ለአንድ አፍታ ኤሌክትሪክ ሰጥቼ የሚስበውን እለካለሁ። የምገዛው ለዚያ ቁጥር ነው።

*

ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሁለቱን ሰንሰለት ባንድ ጊዜ ባስነሣ ቮልቱ ዝቅ ይላል። ቀድሞ የሚደናገጠው ሪሲቨሩ ነው፤ ጠፍቶ ይነሣል። ሪሌዋን ለማንሣት ከቮልቷ ሦስት አራተኛው ያስፈልጋል፤ አንዴ ከተነሣች ግን ከአንድ አሥረኛ ጥቂት ቢያልፍም ይዛ ትቆያለች። ብረቱ ወደ ማግኔቱ ሲጠጋ ለመያዝ የሚፈጀው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ1943 ቱኒዚያ የተማረከው ታይገር 131 ዛሬ እንግሊዝ፣ ቦቪንግተን ሙዚየም ውስጥ አለ። በአናቱ ጎንና ጎን ሦስት ሦስት የጭስ መወርወሪያ ቱቦ ተደርድሯል። የእኔም ታንክ እነዚያ ቱቦዎች አሉት፤ ባዶ ናቸው፣ ጭሱ ከኋላ ነው የሚወጣው። የማጨሻው የጋለ ሽቦ ዘይቱ ካለቀበት ዘይቱን የሚስበውን ክር ያነደዋል። ስለዚህ የማጨሻውን ሪሌ ታንኩ ከሚያሰማው የሞተር ድምፅ ጋር አስሬ፣ ድምፁ ሲጠፋ ማጨሻውም እንዲጠፋ አድርጌያለሁ። ትናንት ማታ መብራቱን አጥፍቼ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጠቅታዋ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጭስ ጠረጴዛው ላይ ተንሳፈፈ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ መጣ።