ታላቅ ልጅ ምን ያስተምራል? ከመቱ እስከ ሜሪላንድ

ጥቅምት ሲጠባ በኢሉባቦር፣ በመቱ ዙሪያ ቡናው ይቀላል፤ ለቀማውም የቤተሰብ ሁሉ ሥራ ነው። ታላቅየው ረጅሙን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ይይዛል፤ ታናሽየው ከሥር ሆኖ ቀዩን ፍሬ እየለየ ቅርጫት ውስጥ ይጨምራል። አረንጓዴ ከቀላቀለ ታላቁ ያወጣና ከቀዩ ጎን አድርጎ ያሳየዋል። ቁጣም ረጅም ማብራሪያም የለም። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ትንሹ ማንም ሳይነግረው ይለያል።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ቡና ሲፈላ ትንሿ መጀመሪያ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፤ ቀጥሎ ሲኒ ታጥባለች፤ ምጣዱ የሚሰጣት እህቷ ስትቆላ ብዙ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጣ ካየች በኋላ ነው። ቅልልቦሽም የሚለመደው ከእህት ነው። በዚህ አካባቢ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ትልቁ ልጅ ማታ ደብተሩን ዘርግቶ የአፋን ኦሮሞውን ቁቤና የአማርኛውን ፊደል ጮክ ብሎ ሲያጠና፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ታናሽ አብሮት ይላል።

ነገሩ የኢሉባቦር ብቻ አይደለም። አሽሊ ሜናርድ የተባለች ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት፣ በሜክሲኮ የማያ ልጆች ሁለት ዓመት የሆናቸውን ታናናሾቻቸውን የቤት ሥራ እንዴት እንደሚያስለምዱ ያሳያል። ስምንት ዓመት ገደማ የሞላቸው ልጆች ሥራውን እየሠሩ፣ በቃል እያስረዱ፣ የትንሹን እጅ ይዘው እየመሩ ያስተምሩ ነበር።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ያለ ጠባቂ እንዳይተው ይከለክላል፤ ጠባቂውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። መቱ ላይ ታናሿን በአንቀልባ የምታዝል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚያ ታናሿን ብቻዋን እንድትጠብቅ አይፈቀድላትም። ሕጉን መውቀስ አይገባም፤ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ብትጣራ የሚሰማት የለም። መቱ ላይ ግን ከአጥር ማዶ ጎረቤት አለች። የአገር ቤቱ ልማድም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል፦ ታናናሽ ስትይዝ የምትውል ታላቅ ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ የምታጠናበት ሰዓት ታጣለች።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ውጭ አገር ታላቅ ልጅ ማስተማሩን አልተወም፤ የሚያስተምረው ግን እንግሊዝኛ ሆኗል። በፍሎሪዳ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ በሚነገርባቸው ቤቶች ላይ ብሪጅስና ሆፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉትና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ትምህርት ቤት የገባ ታላቅ ያላቸው ሕፃናት በእንግሊዝኛ ሲቀድሙ፣ እንዲህ ያለ ታላቅ የሌላቸው በስፓኒሽ የተሻሉ ነበሩ። በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤትም የመጀመሪያው ልጅ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራል፤ ሁለተኛው ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ወላጆች ታዲያ ትንሹን ቅዳሜ ቅዳሜ ቋንቋ ትምህርት ይወስዱታል። ጥሩ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያስተምረው ታላቅየው ተረስቷል። እናት ወጥ ቤት እያለች የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ታናሿን ሲኒ መደርደር በአማርኛ ብታለማምድ የሚከለክል ሕግ የለም። መቱ ላለችው አያት ስልክ ሲደወልም እናት ከጀርባ ሆና የሚባለውን ለትንሹ ከምትነግረው፣ ታላቅየው ከትንሹ ጎን ተቀምጦ ቢያስጀምረው ይሻላል። ትንሹ ከእናቱ ይልቅ እሱን መምሰል ይፈልጋል።