ጀበና በመሰላል

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ከፕሮግራም መጻፊያ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። አንድ የዶርም ጓደኛዬ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ላፕቶፑ ላይ ፓይተን አለ። እኔም ማታ ማታ በዚያ ጥቁር መስኮት፣ ኮንሶል በሚሉት ላይ፣ ስዕል መሳል ለመድኩ።

ብሩሽ የለም፣ ቀለም የለም። መጀመሪያ 8 በ8 ካሬ ወረቀት ላይ ታሰምራላችሁ። የሚሞላው ቤት 1፣ ባዶው 0 ይሆናል። ፕሮግራሙ 1 ባየ ቁጥር ያቺን ስልክ ላይ ያለችውን መሰላል ሁለቴ ይጽፋል፤ 0 ሲያይ ሁለት ባዶ ቦታ ይተዋል። ሁለቴ የሆነው ኮንሶል ላይ የአንድ ምልክት ቦታ ቁመቱ የወርዱን እጥፍ ገደማ ስለሆነ ነው፤ አንዳንድ ብቻ ከተጻፈ ሁሉም ነገር ሸንበቆ ይሆናል። በኛ ፊደል ልሥል ብዬም ነበር። ኮንሶሉ ለሁሉም እኩል ቦታ ይሰጣል፤ የኛ «ጨ» ሰፊ፣ «ነ» ቀጭን፤ መስመሩ ተንጋደደብኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኬን ኖልተንና ሊዮን ሃርሞን የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ወደ ጥቃቅን ምልክቶች ቀየሩ፤ ለጨለማው ጠቆር ያለ ምልክት፣ ለብርሃኑ ሳሳ ያለ። በ1967 ኒው ዮርክ ታይምስ አተመው (ሙያችን እዚህም አለች!)። ቅርብ ለቆመ ሰው የምልክት ክምር ነው፤ ራቅ ላለ ሰው የተጋደመች ሴት።

የኔ ጀበና ነው። በ64 ቤት ጀበና ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሆዱ 6 ቤት ይወስዳል፤ ለአፉና ለእጀታው ግራና ቀኝ አንዳንድ ዓምድ ብቻ ይተርፋል። እጀታው ከቀረ የአበባ ማስቀመጫ ሆነ ማለት ነው። የዶርም ልጆች ስክሪኑ ላይ ተለጥፈው «ቅል ነው እንዴ?» አሉኝ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የጻፍኩት ነገር ታትሞ ይዤላት ስሄድ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ታየውና «በል አንብብልኝ» ትላለች። ለፋሲካ ጀበናውን በወረቀት አትሜ ወሰድኩላት። የቅርብ ነገር ስለማይታያት ክንዷን ዘርግታ ወረቀቱን አራቀችው።

«ጀበና!» አለች።

ካመጣሁላት ወረቀት ሁሉ፣ እኔ ሳልኖርበት ራሷ ያነበበችው ይኼ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ግን ዝም አላለችም።

«ማቶቱስ? ያለ ማቶት እንዴት ቆመ? ይገለበጣል እኮ ልጄ።»

አሁን ስዕሉ 8 በ10 ነው። ዘጠነኛው መስመር 00111100፣ አሥረኛው 01111110።