ወኔና ምሳ ዕቃ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ ተደጋገመብኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እንዴት ቻሉት? ወኔውን ከየት አመጡት?» ይሉኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ጽፌው ልገላገል። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ስኳሩ ለጊዜው ይቆይ፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

አጭሩ መልስ፦ ወኔ ከየትም አላመጣሁም። ያው የምታውቁት ሰውዬ ነኝ። የቦምቦሊኖ ሽታ ከአስፋልት ማዶ ድሮም ይጠራኝ ነበር፣ ዛሬም ይጠራኛል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ ከስኳር ሕመም ጋር ኖሯል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ጫማ ሲያደርግ በባዶው ቦታ ጨርቅ ጠቅልሎ ይከት ነበር፤ ማንም እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ይህ በዘር የሚመጣ ነገር ስለሆነ አርባን ስሻገር ሳያመኝ ሄጄ ተመረመርኩ። ምግብ ሳልቀምስ የተለካው የደም ስኳሬ 117 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ሆነ።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረችና አስረዳችኝ። ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 መሀል ላይ ነው፣ ማስጠንቀቂያ። 126 እና ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ከተገኘ የስኳር ሕመም ይባላል። «እርስዎ መሀል ላይ ነዎት። ከዚህ ወደዚያ መሄድም፣ ወደዚህ መመለስም ይቻላል። አመጋገብዎን ያስተካክሉ፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» አለችኝ።

«አመጋገብዎን ያስተካክሉ» ሁለት ቃል ናት። አሁን እነዚያን ሁለት ቃላት የእኔ ቀን ውስጥ የት እንደምትሸጉጧቸው ንገሩኝ። ከቤት የምወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ክፍል ከመግባቴ በፊት አንድ ሻይ። 4 ሰዓት ላይ እረፍት፣ ሁለተኛ ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር። ምሳ ሃያ ደቂቃ ናት፣ ስለዚህ ቶሎ የሚደርሰው ይበላል፦ ፓስታ ወይም ሩዝ። 10 ሰዓት ላይ ሦስተኛ ሻይና አንድ ለስላሳ፣ ምክንያቱም 11 ሰዓት ላይ የማታ ተማሪዎች ይጠብቁኛል። ማታ 1 ሰዓት ተኩል መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ሰልፉ ላይ ሳምቡሳ። 3 ሰዓት እራት፣ ከእራት ቀጥታ ወደ አልጋ።

አስተማሪ አይደለሁ? ስኳሩን ደመርኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ 36 ግራም። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም አይወርድም። ቦምቦሊኖውን ሳንቆጥር 66 ግራም ደረስን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም በታች ነው፤ 25 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል።

ልብ በሉልኝ፤ ከእነዚህ አንዱም ሆዳምነት አይደለም። እያንዳንዱ ቀኑ ለጠየቀኝ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጠኔ ሲመጣ፣ ጊዜ ሲያጥር፣ ሰልፍ ሲረዝም፣ በእጅ ያለው ይበላል። ከጥቅምት እስከ ጥር በየማለዳው ቆራጥ ሆኜ ከቤት እወጣ ነበር። ቁርጠኝነቴ ግን ከ10 ሰዓት አያልፍም። ጠዋት ላይ ጀግና ያልሆነ ማን አለ?

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። (ሐኪሜን ጠይቄ ነው የጾምኩት። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ።) 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ማኪያቶ ነፍሴ ነው። አጠገቤ ሰው ማኪያቶ ይጠጣል፤ እኔ ምንም አይመስለኝም። ረመዳንም በዚያው ሰሞን ስለነበር ሙስሊሙ የፊዚክስ መምህር ጓደኛዬ የጠመኔ አቧራ እየዋጠ፣ ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ ስድስት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። አንድ ቀን እየሳቅኩ «አንተ ቀኑን ሙሉ ውኃ የምትከለክለው ሰውዬ፣ ከኢድ በኋላ ለስላሳ መተው የሚያቅትህ ለምንድን ነው?» አልኩት። እሱም ወዲያው መለሰልኝ፦ «አንተስ 55 ቀን ማኪያቶ ትተህ ሦስት ማንኪያ ስኳር መተው ለምን አቃተህ?»

ሁለታችንም ዝም አልን። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ያው ሰው፣ ያው ሆድ፣ ያው ወኔ። አንዱ ጋ 55 ቀን ይቆያል፣ ሌላው ጋ ግማሽ ቀን። ስለዚህ ልዩነቱ ወኔው ላይ ሊሆን አይችልም።

እምነቱ ዋናው ነው፤ እሱን ለማቃለል አይደለም። የሚጾመው ለነፍስ እንጂ ለኪሎ አይደለም። የጾም ምግብም ቢሆን ዘይት ውስጥ ከዋኘ ለጤና አይበጅም። ነገር ግን ጾም በቤታችንና በመንገዳችን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሳስተውል አራት ነገር አየሁ።

አንደኛ፣ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ረቡዕ ጠዋት ተነስቼ «ዛሬ ልጹም ወይስ አልጹም?» ብዬ አልሟገትም። ሁለተኛ፣ ወሰኑ ግልጽ ነው። ጾም «ሥጋ ቀነስ አድርጉ» አይልም። «ቀነስ» የሚባል ነገር ከራስ ጋር ድርድር መክፈት ነው፣ ድርድር ደግሞ የደከመ ሰው አያሸንፍም። ሦስተኛ፣ ብቻህን አይደለህም። ምግብ ቤቱ «የጾም አለ» ይልሃል፣ ጎረቤትህም ይጾማል። አራተኛ፣ መውጫ ቃል አለህ። የልደት ኬክ ሲቀርብልህ «ጾም ነኝ» ስትል ነገሩ ያበቃል። «ስኳር ቀንሻለሁ» ስትል ግን ጉድ ይፈላል፦ «አንድ ቀን ምን ያደርጋል? በሞቴ! እኔን አፈር ስሆን!» በእኛ አገር ጉርሻን በወኔ የመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለ ራስን መግዛት የተጻፈውንም ትንሽ አገላበጥኩ። በ1998 ሮይ ባውማይስተር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ የራባቸውን ተማሪዎች ትኩስ የቸኮሌት ብስኩት የሚሸትበት ክፍል አስገቡ። ገሚሱ ብስኩቱን ይብላ፣ ገሚሱ ብስኩቱን እያየ ጥሬ ፍጅል ይብላ ተባለ። ቀጥሎ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው ፍጅል የበሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። «ወኔ እንደ ጡንቻ ይደክማል» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነስቶ በዓለም ተሰራጨ። በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ይዘው ሐሳቡን በሌላ ዓይነት ሥራ ሲፈትኑት ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ክርክሩ እንደቀጠለ ነው።

ለእኔ ይበልጥ የጠቀመኝ ሌላው ነው። በ2012 በወጣ ጥናት በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ 205 ሰዎች ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ በተለያየ ሰዓት ምን እንዳማራቸውና ከራሳቸው ጋር እንደታገሉ ተጠየቁ። ራሳቸውን በመግዛት ጠንካራ የሚባሉት ሰዎች ከፈተና ጋር ብዙ የሚታገሉት አልነበሩም። ትግላቸው እንዲያውም አነስተኛ ነበር። ማለትም «ጠንካራ» የምንለው ሰው ኑሮውን ያደራጀው ፈተናው እንዳይበዛበት አድርጎ ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። ጾም ሲገባ የቅቤውን ቅል ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው የሚሰቅሉት።

እናም ከፋሲካ በኋላ አሠራሩን ከጾም ተዋስኩ።

ሻይ ያለ ስኳር። «ትንሽ ስኳር» ሳይሆን ያለ ስኳር። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት የፈላ ውኃ መሰለኝ። አሁን ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ለየብቻ አጣጥማለሁ።

የ10 ሰዓቱ ጠኔ መምጣቱ ካልቀረ መልሱ ኪሴ ውስጥ ቀድሞ ይቆያል፦ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር። የማታ ተማሪዎቼ ድምፁን ለምደውታል።

ምሳ ዕቃ። እሑድ ከሰዓት አንድ ድስት ምስር ወይም ክክ፣ አንድ ድስት ጎመን ይሠራና ለሦስት ቀን ይከፋፈላል። ረቡዕ ማታ ሽሮ ይደገማል፣ ሽሮ ጊዜ አይፈጅም። እንጀራው አንድ፣ ወጡና ጎመኑ በርከት ይላል። ምስርና ሽምብራ የደም ስኳርን እንደ ነጭ ዳቦ አያስፈነጥሩትም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፣ አያቶቻችን የኖሩበት ነው።

ማኅበር። ከፊዚክሱ መምህርና ከሁለት ሌሎች ጋር ምሳ ዕቃችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንከፍታለን። አንድ ቀን ባዶ እጄን ብመጣ የሚጠይቀኝ ሰው አለ።

መውጫ ቃል። «ሐኪም ከልክሎኛል።» ከ«ጾም ነኝ» ቀጥሎ በኢትዮጵያ ምድር የሚከበር ቃል ይኼ ብቻ ነው።

በዓል ደግሞ በዓል ነው። ዶሮ ወጡም ድፎ ዳቦውም ይበላል። ጾሙን የሠሩት አባቶች ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንዳይጾም ያደረጉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ፍስክ የሌለው ሥርዓት ሰው አይሸከመውም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ግን ግማሹን እውነት ደብቄ ነው። ልጅ ሳለሁ ጾም ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም ከትምህርት ቤት ስመለስ የሱፍ ፍትፍቱ፣ የተልባው ወጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ሱፉን ማን ወቀጠው? ለጾሙና ለሚያጠባው ሕፃን ሁለት ድስት ማን ጣደ? ያ የእኔ ወኔ ግማሹ የእናቴ ወገብ ነበር። ዛሬም «ባለቤቴ በደንብ ይመገባል» ሲባል ከኋላው ከሥራ ተመልሳ ምድጃ ሥር የምትቆም አንዲት ሴት አለች። የእኔም ባለቤት እንደ እኔ 12 ሰዓት ነው የምትወጣው። ስለዚህ የእሑዱ ድስት የሁለታችን ነው። ሽንኩርቱን የምከትፈው፣ ጎመኑን የማጥበው እኔ ነኝ። ምሳ ዕቃውን የሚያዘጋጅለት ሌላ ሰው ያለው ወንድሜ፣ ስለ ቁርጠኝነትህ ከማውራትህ በፊት ዕቃውን እጠብ።

የኪስም ነገር አለ። የመምህር ደሞዝ ታውቁታላችሁ። ወሩ ሲጋመስ የጎመኑና የቲማቲሙ ዋጋ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ቤቷ ውስጥ ድስት የምትጥድበት ጊዜም ገንዘብም የሌላትን ሰው «ወኔ የለሽም» ማለት ነውር ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ዴስክ ላይ የሚተኛ ተማሪ አይቻለሁ። እሱን ያጣው ትጋት ነው ብሎ የሚቆጣ ሰው ችግሩን አላየውም።

ሰኔ ላይ፣ የፈተና ወረቀት ተራራ ሲሆንብን፣ ሁለት እሑድ በተከታታይ ለቅሶ ገጠመን። ድስቱ አልተጣደም። ማክሰኞ ላይ ወደ ፓስታው ተመለስኩ። ያው ሰው፣ ያው ቁርጠኝነት፣ የጎደለው ምሳ ዕቃው ብቻ ነው። በሦስተኛው እሑድ ድስቱ ሲጣድ ነገሩም ተመለሰ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ተመረመርኩ፣ 102። ገና ከመቶ በታች አልገባሁም። ሰባት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ዘመዶቼ «ከሳህ፣ የደበቅከን ነገር አለ እንዴ?» እያሉ ይጨነቃሉ። እኛ ጋ ሆዱ የገፋ ሰው «ተመቸው» ነው፤ የከሳ ሰው ታማሚ ነው። ይኼንንም መቻል ነው።

ልጆቼ፣ ዛሬ እያንዳንዳችሁ የት እንደደረሳችሁ አያለሁ። ባንክ መስኮት ላይ የምትውሉ፣ ሆስፒታል የምታድሩ፣ ዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ የምትነዱ፣ ቤይሩትና ዱባይ በሰው ቤት ማዕድ የምታዘጋጁና የራሳችሁን ቆማችሁ የምትበሉ። አባቴ ሲታመም ሰው ሁሉ «አፉን መግዛት አቃተው» ይለው ነበር። እሱም አምኖት ሞተ። እናንተ እንዳታምኑት። ለአዲስ ዓመት አትማሉ፣ ራሳችሁንም አትሳደቡ። ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ነገ ሲደክመኝ፣ ሲርበኝ፣ ሰዓት ሲያጥረኝ እጄ መጀመሪያ የሚያገኘው ምን ይሆናል? እሱን ዛሬ ማታ አስተካክሉ።

እስቲ ከታች ጻፉልኝ፤ የእናንተ ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን አለ? ከሦስት ቀን በላይ የማይሰለች ነገር የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ አደራ፣ የምስሩ ነገር ባለቤቴን እያስመረራት ነው።

መልካም ሳምንት።